ቻርጀሩ በግማሽ የሚቆመው፣ ሳጥኑም የሚነዝረው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የሪሞት መኪናና ጀልባ መሥራት እወዳለሁ። ከአሮጌ ሰርቨር የወጡ ሁለት የኤችፒ ባለ 1200 ዋት ፓወር ሳፕላዮች (220ውን ወደ 12 ቮልት የሚቀይሩ) ገዝቼ፣ በአንዱ ላይ ባለ 300 ዋት የሊቲየም ቻርጀር ሰካሁ። ቻርጀሩ 150 ዋት ገደማ ሲደርስ «ኢንፑት አነስተኛ ነው» ብሎ ይቆማል። ሳጥኑን ስነካው ደግሞ ይነዝረኛል። 24 ቮልት ባገኝ ይሻላል ብዬ ሁለቱን ደራርቤ በተከታታይ ሳገናኛቸው ብልጭ አለ፤ የታችኛው ጠፋ፣ እስካሁንም አልነሳም። ጋሼ፣ ተቃጠለ ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የተቃጠለ አይመስለኝም። እነዚህ ዕቃዎች ሾርት ሲገጥማቸው ራሳቸውን ይዘጋሉ፤ ብዙዎቹም ከግድግዳው ካልተነቀሉ በስተቀር ተመልሰው አይነሱም። ምንም ሳታገናኝበት ንቀለው፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተወው፣ ከዚያ ብቻውን ሰክተህ ሞክረው። አልነሳ ካለ ግን ክዳኑን እንዳትከፍት። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ዲሲ ይይዛል፤ ከተነቀለ በኋላም ወዲያው ባዶ አይሆንም።

ለምን ብልጭ እንዳለ ልንገርህ። የእነዚህ ሳፕላዮች የ12 ቮልት ኔጋቲቭ ከብረት ሳጥኑ ጋር የተያያዘ ነው። ደራርበሃቸዋልና ሳጥኖቹ ተነካክተዋል፤ ስለዚህ የሁለቱ ኔጋቲቭ አንድ ሆኗል። የታችኛውን ፖዘቲቭ ከላይኛው ኔጋቲቭ ጋር ስታገናኝ የታችኛውን ከገዛ ራሱ ኔጋቲቭ ጋር ነው ያገናኘኸው። የጠፋውም እሱ ብቻ መሆኑ ይህንኑ ያሳያል። ባትደራርባቸውም እንኳ፣ ኧርዝ (ሳጥኑን ከመሬት ጋር የሚያያይዝ የመከላከያ ሽቦ) ባለው ሶኬት ላይ ከሰካሃቸው በኧርዙ በኩል ያው ሾርት ይፈጠራል።

ይህን ለማምለጥ «የአንዱን ኧርዝ ሽቦ ቁረጠው» የሚሉህ ሰዎች ይኖራሉ። እባክህ አትስማቸው። እኔም በወጣትነቴ ቆርጬ፣ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ካርቶን አስገብቼ ሠርቼበታለሁ። አንድ ቀን ካርቶኑ ተንሸራተተና ሳጥኖቹ በጠርዛቸው ተነካኩ፤ የተነካኩበት ቦታ ቀልጦ ተጣበቀ። 12 ቮልት ሰውን አይነዝርም፣ ሳፕላዩ የሚሰጠው 100 አምፔር ግን ብረት ያቀልጣል። ስትሠራ የጣት ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቅ የምልህም ለዚህ ነው። ኧርዙ የተቆረጠ ሳጥን ደግሞ ውስጡ ያለው የ220 ቮልት መስመር አንድ ቀን ቢነካው ሰው እስኪነካው ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቻርጀርህ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በ24 ቮልት ብቻ መሆኑ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈ፣ በፋብሪካ 24 ቮልት ተደርጎ የተሠራ አንድ ሳፕላይ ግዛ።

ግን 24 ቮልት የሚያስፈልግህ አይመስለኝም። የላክኸው ፎቶ ላይ ያለው ሽቦ ባለ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ርዝመቱም ወደ 2 ሜትር ይጠጋል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ክሊፕ አለ። መሄጃና መመለሻውን ስትደምር 4 ሜትር መዳብ ነው፤ መቋቋሙም 0.07 ኦም ያህል ይሆናል። ቻርጀሩ በ150 ዋት ሲሠራ የራሱን ብክነት ጨምሮ ወደ 15 አምፔር ይስባል። 15 በ0.07 ሲባዛ ከ1 ቮልት ይበልጣል። ከሳፕላዩ 12.3 ሆኖ የወጣው ቻርጀሩ ጋ ሲደርስ 11.2 ነው፤ ክሊፑም የራሱን ይወስዳል። ቮልቴጁ በወረደ ቁጥር ቻርጀሩ ያንኑ ዋት ለማግኘት ተጨማሪ አምፔር ይስባል፤ አምፔሩ ሲጨምር ደግሞ ሽቦው ላይ የሚጠፋው ይብሳል። የቻርጀሩ ዝቅተኛ የመግቢያ ወሰን 11 ቮልት ላይ ከሆነ የሚቆመው እዚያው ነው።

በመልቲሜትር አረጋግጥ። ቻርጀሩ እየሠራ ሳለ መጀመሪያ የሳፕላዩን ጫፍ፣ ቀጥሎ የቻርጀሩን መግቢያ ለካ። ሥራ ፈትቶ ሳለ የምትለካው ቁጥር ምንም አይነግርህም። ሁለቱ ከተራራቁ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ባለ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በግማሽ ሜትር ርዝመት ቁረጥ፣ ክሊፑን ጥለህ ጫፉን በሶልደር ያዝ፤ በ30 አምፔር እንኳ ሽቦው ላይ የሚጠፋው 0.05 ቮልት ብቻ ነው። ከሳፕላዩ መውጫ አጠገብ ባለ 40 አምፔር ፊውዝ ፖዘቲቩ ላይ አስገባ፤ ያለ ፊውዝ 100 አምፔሩ በሙሉ እጅህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ንዝረቱ። ቤትህ ኧርዝ የለውም፣ ወይም የምትጠቀምበት ዲቫይደር ኧርዙ የተቋረጠ ነው። ሳፕላዩ የሬዲዮ ረብሻ ለማጣራት ከሁለቱ የ220 መስመሮች ወደ ሳጥኑ የተዘረጉ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉት። ኧርዝ ሲኖር የሚያሾልኩት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይሄዳል፤ ከሌለ ሳጥኑ ላይ ግማሹ፣ 110 ቮልት ገደማ ይቀመጣል። ከሳጥኑ ወደ ኔጋቲቩ፣ ከዚያም በቻርጀሩ በኩል ወደ ባትሪህ ሽቦ ይደርሳል። አምፔሩ በጣም ትንሽ ቢሆንም፣ እንደ ልማድ አትቁጠረው፤ እውነተኛ ብልሽት ቢመጣ ከዚህ ለይተህ አታውቀውም።

መፍትሔው በመዳብ የተለበጠ ዘንግ መሬት ውስጥ ማስገባት ነው። የእኛ አገር ዋልካ አፈር በክረምት ጥሩ ያስተላልፋል፣ በበጋ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ግን ይሰንፋል፤ ስለዚህ እርጥበት የማይለየው ቦታ ፈልግና በጥልቀት አስገባው። ዘንጉ ብቻውን አይበቃም። የመሬቱ መቋቋም 20 ኦም ከሆነ፣ 220 ቮልት ሳጥኑን ቢነካ የሚያልፈው 11 አምፔር ነው፤ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ደግሞ በ11 አምፔር አይወርድም። ለዚህ ነው ባለ 30 ሚሊ አምፔር ሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲሾልክ የሚያቋርጥ) የግድ የሚያስፈልግህ። ይህን ሥራ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራልህ።

አንድ ያልጠየቅኸኝን ልጨምር። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የእኛ ከተማ ውርጭ ይጥላል። ሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ ይበላሻል፣ ከውጭ ግን አይታይም። ከቀዘቀዘ ክፍል ያወጣኸውን ባትሪ ኪስህ ውስጥ አድርገህ አሙቀው፣ ከዚያ ሰካው። በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ግን ቻርጅ እንዳታደርግ። የድሮ ሸክላ ምጣድ ካለ እሱ ላይ አስቀምጠው፤ ቢቀጣጠል እንኳ ሸክላ አይነድም።