መልስ፦ ራምክሪሽና ጎፓል ባንዳርካር ማን ነበሩ?

በሕንድ ፑኔ ከተማ ያለው የባንዳርካር የምርምር ተቋም በማን ስም እንደተሰየመ ለጠየቁት ወዳጃችን የማውቀውን ልመልስ። ራምክሪሽና ጎፓል ባንዳርካር እ.ኤ.አ. በ1837 በማልቫን ተወልደው በ1862 ከቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተመራቂዎች አንዱ ሆኑ። በኤልፊንስተንና በዴካን ኮሌጆች የጥንቱን የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪትን ካስተማሩ በኋላ፣ ከ1893 እስከ 1895 ያንኑ የተማሩበትን ዩኒቨርሲቲ በምክትል ቻንስለርነት መሩ፤ ማዕረጉ «ምክትል» ቢባልም በዚያ ሥርዓት የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው ባለማዕረጉ ነው።

እኔን ከሹመቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ትጋታቸው ነው። በየስፍራው ተበታትነው የነበሩ የእጅ ጽሑፎችን እያፈላለጉ ዝርዝራቸውን በዘገባ አሳተሙ፤ ለጀማሪዎችም የሳንስክሪት መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጁ። ባሏ የሞተባትን ልጃቸውን ዳግም ሲድሩ ደግሞ፣ የመበለትን ጋብቻ ያወግዝ የነበረው ወገናቸው እንደሚቆጣ እያወቁ ነበር፤ ይህን ከመጻሕፍቱ ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ።

ተቋሙ የተመሠረተው 80 ዓመት በሞላቸው ዕለት፣ ሐምሌ 6 ቀን 1917 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እሳቸውም የግል መጻሕፍታቸውን አበረከቱለት። በ1925 ካረፉ በኋላም የተቋሙ ሊቃውንት ማሃባራታ የተባለውን ጥንታዊ የሕንድ ታላቅ የጀግንነት ግጥም ከአንድ ሺህ በላይ የእጅ ቅጂዎች ስንኝ በስንኝ እያስተያዩ፣ ልዩነቱን ከገጹ ግርጌ እየመዘገቡ፣ የተመሳከረውን እትም በ1966 ፈጸሙ።