እግርና እጅ፦ በአንድነት ወይስ በየተራ?

ጥያቄ፦ አንዱ አሠልጣኜ ፈረሱን በእግሬ እየገፋሁ ዛቡን አጥብቄ እንድይዝ ያዝዘኛል፤ ሌላው ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳልጠቀም ያስጠነቅቀኛል። የትኛውን ልከተል?

መልስ፦ የጀርመኖቹ የድሬሳዥ (ፈረስን ለጋላቢው በስምምነት እንዲታዘዝ የማሠልጠን ጥበብ) ሥልጠና ከእርምጃ ምት፣ ከሰውነት መፍታታትና ከልጓሙ ጋር ከሚኖር ለስላሳ ግንኙነት ተነሥቶ፣ ፈረሱን ወደፊት እየነዳ ክብደቱን በኋላ እግሮቹ ላይ ወደሚሰበስብበት ደረጃ ያደርሰዋል፤ ዛብ ማጥበቅ ግን የዚህ ትምህርት ክፍል አይደለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የፈረስ ግልቢያ መምህር ፍራንሷ ቦሼ በበኩሉ እጅና እግር በየተራ እንዲሠሩ አስተምሯል፤ በእግር ሂድ፣ በእጅ ቁም የተባለ ፈረስ የትኛውን ይታዘዝ? እጅዎ እስኪረጋ ድረስ የቦሼን መንገድ እመርጥልዎታለሁ። አንገትን በኃይል አጥፎ ማሠራትንማ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም በ2010 እ.ኤ.አ. ተቀባይነት የለውም ብሏል። ዛቡን ቀስ ብለው ሲለቁለት አንገቱን ወደፊትና ወደታች ከዘረጋ፣ ሥራው በትክክል ሄዷል።