መልስ፦ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ታይሮይድን ለካንሰር ያጋልጣል ወይ?

እህቴ፣ አንገትሽ ላይ እባጭ ከተገኘ ወዲህ «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ካንሰር ያመጣብኝ ይሆን? የአንቲኦክሲዳንት ክኒንስ ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጭንቀትሽ ይገባኛል። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ማለት ሴልን የሚጎዱ ኦክስጅን ያለባቸው ንጥረ ነገሮች ሰውነት ከሚቋቋመው በላይ ሲበዙ ነው፤ አንቲኦክሲዳንት ደግሞ እነሱን የሚያከሽፍ ነገር ነው።

ታይሮይድ አንገት ላይ ያለ ለየት ያለ ዕጢ ነው። ሆርሞን ለመሥራት ራሱ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያመርታል። አዎ፣ ያ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚደፍቀው ፈሳሽ! ያለ እሱ አዮዲን ሆርሞኑ ከሚሠራበት ፕሮቲን ጋር አይያያዝም። ስለዚህ ዕጢው ዕድሜውን ሙሉ እሳት ታቅፎ ነው የሚኖረው። ደግነቱ መከላከያ አለው፤ ሴሊኒየም የተባለ ማዕድን ያለባቸው ኢንዛይሞች ትርፉን ወደ ውሃ ይቀይሩታል።

ችግሩ የሃይድሮጂን ፐርኦክሳይዱ ምርት ከመከላከያው ሲበልጥ ነው፤ በታይሮይድ ላይ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚሆነው ይኸው ነው። ያኔ ዲኤንኤ፣ ማለትም የሴሉን መመሪያ የያዘው ሰንሰለት፣ ሊሰበር ይችላል። ስብራቱ ተሳስቶ ከተገጠመ፣ ለምሳሌ ሬት የሚባለው ጂን ከሌላ ጂን ጋር ይቀጠልና ሴሉን ያለማቋረጥ «ተባዛ» ይለዋል። ጨረርም ዲኤንኤን እንዲሁ ይሰብራል። በ1986 እ.ኤ.አ. ከደረሰው የቼርኖቤል የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ በታይሮይድ ካንሰር በታመሙ ብዙ ልጆች የካንሰር ሴሎች ውስጥ ይኸው የሬት ለውጥ ተገኝቷል።

ግን አብዛኛው የታይሮይድ እባጭ ካንሰር አይደለም። ክኒኑን በራስሽ አትጀምሪ። ይህን ካንሰር እንደሚከላከል አልተረጋገጠም፣ ክኒኑ ሴሊኒየም ካለበት ደግሞ ሲበዛ ፀጉር ያረግፋል። መጀመሪያ አልትራሳውንድ ተነሺ፤ ሐኪሙ ካስፈለገ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወስዳል።