ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ ሲመጣ

ለወጣት ልጆቼ፣

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚህ ሳምንት የላከችልኝ ጥያቄ አጭር ነው። ቤተሰቦቿ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር ናቸው፤ ለእንቁጣጣሽ ስትሄድ አቃቂ ወንዝን ስንት ሰዓት ብትሻገር እንደሚሻል ትጠይቃለች። መልሱ አንድ መስመር አይሞላም፦ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት። የክረምቱ ዶፍና ነጎድጓድ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚወርድ፣ ጠዋት ወንዙ ጎድሎ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ጥያቄው ግን ከብዙ ዓመት በፊት በጳጉሜ መጨረሻ እዚያው ወንዝ መሻገሪያ ላይ የሆነውን መልሶ አመጣው።

ሰዓቱ 10 ተኩል ገደማ ነበር። አንድ ወጣት የበዓል በግ እየጎተተ ደረሰ። ከራሱ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ በስተሰሜን ግን እንጦጦ ላይ ጥቁር ደመና ተጋድሟል። ውሃው ከጉልበት በታች ነው። ወንዙ ዳር የተተከለው የከፍታ መለኪያ፣ በሴንቲሜትር የተከፋፈለው ሰሌዳ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 20 ሴንቲሜትር መጨመሩን ያሳያል። ቁጥሩ ከነሰዓቱ በእርሳስ፣ በንጹሕ ጽሕፈት መዝገቡ ላይ ሰፍሯል። ለልጁ የነገረው ሰው ግን የለም። ከመለኪያው ጎን የቆምነው የውሃ ባለሙያዎች ነበርን።

ልጁ በጉ እንዳያመልጠው የቃጫውን ገመድ የእጁ አንጓ ላይ ሁለቴ ጠምጥሞ ቋጥሮታል። መሀል ሲደርሱ መጀመሪያ እግሩ ከመሬት የተነሳው በጉ ነው። ጎርፉ በጉን ወደ ታች ሲያዞረው ገመዱ ተወጠረ። ቃጫ ሲረጥብ ያብጣል፤ የተወጠረ ቋጠሮ ደግሞ በጣት አይፈታም። ልጁ ወደቀ። ከታች በኩል፣ ወንዙ ሲታጠፍ ካለው አኻያ ሥር ሁለት ገበሬዎች በኮሌታው ይዘው አወጡት። በጉ ሄደ። የአንጓው ቆዳ ዙሪያውን ተገፎ ነበር፤ እናቱ ማዶ ቆማ ነጠላዋን ስታጣጥፍና ስትዘረጋ ነበር። «ልጄ፣ ትንሽ ቆይ» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የሆነው ምንድን ነው? እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አባ ሳሙኤል 2,050 ሜትር ገደማ። ላይ የዘነበው ዶፍ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በአስፋልትና በቆርቆሮ ላይ ተንደርድሮ ስለሚወርድ መሬት የመጠጣት ጊዜ አያገኝም። አቃቂ ዳር ያለው ሰው ጠብታ ሳይነካው ደራሽ ውሃ ይመጣበታል። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ከጉልበት በታች ነው» ማለት ምንም አይነግራችሁም፤ 15 ሴንቲሜትር ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲሜትር ትንሽ መኪና ማንሳፈፍ ይጀምራል፣ 60 ሴንቲሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ከሙላቱ ቀድመው የሚመጡትን ምልክቶች ዕወቁ፦ ጭራሮና የፕላስቲክ ጠርሙስ እየተግተለተለ ሲያልፍ፣ አረፋ ሲበዛ፣ ውሃው በድንገት ሲደፈርስ፣ ከላይ በኩል ድንጋይ ሲንከባለል ሲሰማ። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ጫማ አታውልቁ፤ ወደ ከፍታው ተመለሱ።

አትቀየሙኝ፤ የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ላይ የፀሐይ ምስል ካያችሁ ሌላ ነገር አትጠይቁም። ስልኩ የሚያሳያችሁ እናንተ የቆማችሁበትን ሰማይ ነው።

ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በቅዱስ ዮሐንስ ጠዋት ወንዝ ወርዶ መታጠብ የቆየ ወግ ነው፤ ሩፋኤል ጳጉሜ 3 ሲውል ልጆች ዝናቡ ውስጥ እንደሚቦርቁት ሁሉ ደስ የሚል ወግ ነው። አባ ሳሙኤል ላይ ግን አታድርጉት። ትልቁም ትንሹም አቃቂ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ውጋጅ ተሸክመው የሚገቡት እዚያ ነው። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረምም ዳርቻውን ስለሚሸፍን ውሃው የት እንደሚጀምር አይለይም፤ አረንጓዴ መስክ መስሏቸው ልጆች ይገቡበታል። ነጎድጓድ ካለ መብረቁን ካያችሁበት ጀምራችሁ ድምፁን እስክትሰሙ ሰከንዱን ቁጠሩ፤ በየ3 ሰከንዱ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ቤት ግቡ፣ ድምፁ ከጠፋ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆዩ።

   

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ። ስልክን ስነቅፍ ነበር፤ ከመለኪያው የሚበልጥ መሣሪያ ግን እጅሽ ላይ ያለው እሱው ነው። የምትሻገሪው ትልቁን አቃቂ ከሆነ ከመነሳትሽ በፊት ቀበና ወዳለ ዘመድ ደውዪ፤ የቀበና ወንዝ የሚገባው እሱ ውስጥ ነው። ትንሹን ከሆነ ቡራዩ ያለ ሰው ጠይቂ። «ዘንቧል ወይ?» አትበዪ፤ «ወንዙ ምን መስሏል?» በዪ። ሞልቷል ካለሽ ለእናትሽ ደውለሽ ነገ ጠዋት እንደምትደርሺ ንገሪያት፤ ዋዜማው ያልፋል፣ የመስከረም 1 ቡና አያመልጥሽም። የበጉንም ብር አስቀድመሽ ላኪላቸው፤ እዚያው ማዶ ይገዛ።