ቡድሃ የበራለት በጾም ብዛት ነው ወይ?

ሰላም የደብረ ማርቆሱ ወንድሜ። «ቡድሃ የበራለት እንደኛ ባሕታውያን ጥሬ ቆርጥሞ ነው? ኒርቫናስ ገነት ማለት ነው?» ብለህ ጠይቀሃል።

በጾም ብዛት አይደለም። ሲዳርታ ጎታማ፣ በኋላ ቡድሃ የተባለው፣ በ29 ዓመቱ የሞቀ ቤቱን ጥሎ ወጣ። 6 ዓመት ሥጋውን ቀጣ፤ አጥንቱ እስኪቆጠር ጾመ። አልበራለትም። በኋላ በወተት የተሠራ የሩዝ ገንፎ ተቀብሎ በላና ሕንድ ውስጥ ቦድ ጋያ ከሚባል ቦታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ዛፉ የዋርካችን ዘመድ ነው። በ35 ዓመቱ የበራለት እዚያ ነው ይላሉ።

«መካከለኛው መንገድ» የሚሉት ይህን ነው። በጥሞና ሲመላለስ እግሩ ለደማ አንድ መነኩሴ፣ ቡድሃ ነገሩን በሙዚቃ መሣሪያ ክር መስሎ አስረዳው። እኔ በደንብ የገባኝ ባሕር ዳር አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ሲቃኝ ቁጭ ብዬ ሳይ ነው። የፈረስ ጭራውን ሲያከረው ሲጥ አለ። ሲያላላው ድምፁ ሞተ። መሐሉን ሲያገኘው ቤቱ በሙሉ ዞር አለ።

የቀረው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፦ ኑሮ ሥቃይ አለበት፤ ምንጩ የማይጠግብ ምኞት ነው፤ ምኞቱ ሲጠፋ ሥቃዩም ይጠፋል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ 8 ክፍል አለው። ቀና አመለካከት፣ ቀና ንግግር፣ ሰው የማይጎዳ እንጀራ፣ ንቁ ልቡና ከነዚያ ውስጥ ናቸው።

ኒርቫናም ገነት ማለት አይደለም፤ ቃሉ «መጥፋት» ማለት ነው። የሚጠፋው የስግብግብነት፣ የጥላቻና የድንቁርና እሳት ነው። ማገዶ ያጣ ፍም እንዴት እንደሚከስም አስብ።