ፍሬሙን ከመሸጥህ በፊት ጎማውን አስተንፍስ

ከደሴ የጻፍክልኝ መምህር፣ ጥያቄህ ደርሶኛል። የአባትህን የድሮ ባለ 28 ሳይክል ትተህ አሉሚኒየም ማውንቴን ገዛህ። አሁን ኮብልስቶን ላይ የእጅህ አንጓ ይደነዝዛል፣ ወገብህንም ይይዝሃል። ጓደኛህ ደግሞ «አሉሚኒየም ድርቅ ያለ ነው፣ ሽጠህ ብረት ግዛ» አለህ። አብሽር፣ አትሽጥ።

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋው። ፍሬሙን ከያዘው ብረት ነው። እዚህ ኮምቦልቻ እኔ ጋ ከሚመጡት መሀል ባለቤቱ አሉሚኒየም ነው ብሎ የማለለት፣ ማግኔቱ ግን እንደ መዥገር የተጣበቀበት ስንት አለ መሰለህ።

አሉሚኒየም ሆነ እንበል። ለብቻው ብትወስደው አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ ይለምጣል፤ ክብደቱም ግትርነቱም የብረት ሲሶ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ፋብሪካው ቱቦውን የሚያወፍረው። የቱቦው ስፋት እጥፍ ሲሆን፣ የግድግዳው ውፍረት ባይለወጥ እንኳ፣ ግትርነቱ ወደ ስምንት እጥፍ ይሄዳል። ወረቀት ዘርግተህ ብትይዘው ይታጠፋል፤ ጠቅልለህ ብትይዘው ቀጥ ብሎ ይቆማል አይደል? እንደዚያ ነው። ደግሞ ፍሬም ሦስት ማዕዘን ስለሆነ፣ ብረትም ይሁን አሉሚኒየም፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሰጠው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ድንጋዩን የሚውጥልህ ጎማው ነው።

ታዲያ የአባትህ ሳይክል ለምን ተመቸህ? ኮርቻው ሞላ ነበረው፣ ሹካው ወደፊት የተቆለመመ ነበር፣ መሪው ከፍ ስለሚል ቀና ብለህ ነበር የምትነዳው። አሁን ግን ጎንበስ ስለምትል ክብደትህ እጅህ ላይ ወርዷል። ያንን ሁሉ ለብረቱ ሰጠኸው።

አሁን የምትሠራው ይኸው። ጎማህ 26 በ1.95 ነው፣ ጎኑ ላይ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይላል ብለሃል። ጎሚስታው በመኪና ኮምፕሬሰር 65 አድርጎ እንደ ድንጋይ ይሞላልሃል፣ አንተም ጥሩ ተነፋ ብለህ ትሄዳለህ። ትልቁ ቁጥር ጣሪያ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም! 70 ኪሎ ከሆንክ የኋላውን 45፣ የፊቱን 40 አድርገህ አንድ ሳምንት ንዳው። በእጅህ ጨምቀህ አትገምት፣ በጌጅ ለካ። ከትንሹ ቁጥር ግን አትውረድ፤ ጉድጓድ ስትመታ ካላማዳሪያው ቸርኬና ድንጋይ መሀል ተቆንጦ ይበሳል። ከዚያ መሪውን ትንሽ ከፍ አድርገው። አሁንም ከደነዘዘህ ፍሬሙ የሚችለውን ሰፊ ጎማ አስገባ፣ ከአዲስ ሳይክል በጣም ይረክሳል። ካርቦን ፍሬም ግዛ የሚልህ ካለ ደግሞ ገንዘብህን ኪስህ አስቀምጥ።

አንድ ነገር ግን አሉሚኒየምን በእውነት አማዋለሁ። ብረት ቀላል ጫናን ለዓመታት ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን ትንሹም ምት እየተጠራቀመበት አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ከመልቀቅህ በፊት መሪው ሥርና ፔዳሉ አካባቢ ያለውን ብየዳ በጨርቅ ጠርገህ እይ። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካየህ አትንዳው። መንደር ውስጥ ላለ ተራ በያጅም አትስጠው፤ ብረት ቢሆን ይበየድልህ ነበር፣ አሉሚኒየም ግን ብየዳው ሥር ጥንካሬውን ያጣል። እንደዚያ ከሆነ ብቻ ነው ፍሬም ስለመቀየር የምናወራው።