መዋጥ ሲያስቸግር፦ ከሐረርና ከድሬዳዋ የመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄ (ሐረር)፦ እናቴ ሥጋና እንጀራ ደረታቸው ላይ ይቆምባቸዋል፣ ሾርባ ግን ይወርድላቸዋል። ጨጓራ ይሆን?

መልስ፦ ጨጓራ ነው ብላችሁ አትለፉት። መጀመሪያ ደረቁ፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ በመጨረሻ ውሃው አልወርድ ካለ የምግብ ቧንቧው እየጠበበ ነው፤ ምክንያቱ ጠባሳ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል። የጨጓራ መድኃኒት ቃሩን አስታግሶ ጊዜ ያባክንባችኋል። ክብደትም ከቀነሱ በዚሁ ሳምንት ኢንዶስኮፒ (የምግብ ቧንቧውን ከውስጥ የሚያይ ካሜራ) ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዷቸው። ደረቁም ውሃውም ከመጀመሪያው እኩል ካስቸገራቸው ግን የቧንቧው ጡንቻ ሥራ ይጠረጠራል።

ጥያቄ (ድሬዳዋ)፦ አባቴን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ውሃ ትን ይላቸዋል። ፈርተው መጠጣት ሊተዉ ነው፣ በዚህ ሙቀት!

መልስ፦ ውሃ ቀጭን ስለሆነ ይፈጥናል፤ የደከመው ጉሮሮ የአየር ቧንቧውን ሳይዘጋ ይቀድመዋል። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸውን ወደ ደረት ዝቅ ያድርጉ። በሻይ ማንኪያ አንድ አንድ ጊዜ ስጧቸው፤ ውጠው ደግመው ይዋጡ፣ ከዚያ ቀጣዩ። ምግብ በደከመው ጉንጭ ውስጥ ስለሚደበቅ አፋቸውን እዩ። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ አይተኙ። ጓጉል የሌለው ወፈር ያለ አጥሚት ብዙ ጊዜ ከውሃ ይሻላል፤ ቆሎ ግን ይቅር። ውፍረቱን የሚወስነው መዋጣቸውን የመረመረ ባለሙያ ነው። ሳል አለመኖሩ አያስተማምንም፤ ሳያስሉም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው ውሃ ያዘለ ከመሰለ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ፈጥናችሁ ሂዱ። ጥርሳቸውን በየቀኑ ማጽዳት እንደ ቀላል አይታይ፤ ወደ ሳንባ የሚወርደውን ጀርም ይቀንሳል። ሽንታቸው ከጠቆረ ውሃ አንሷቸዋል፤ በአፍ ካልበቃ በቱቦ ወይም በግሉኮስ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ዶክሲሳይክሊን ውጬ ወዲያው ተኛሁ። አሁን ምራቅ እንኳ ያቃጥለኛል።

መልስ፦ ኪኒኑ መንገድ ላይ ተጣብቆ አቁስሎሃል። ቀጣዩን ከመዋጥህ በፊት ያዘዘልህን ባለሙያ አነጋግር። ወደፊት ኪኒን በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ቁጭ ብለህ፤ ከዚያም ቢያንስ 30 ደቂቃ አትጋደም። ደም ካስታወከህ ወይም ምራቅ ካልወረደልህ ድንገተኛ ክፍል ግባ።

ጥያቄ፦ ልጄ የሰዓት ባትሪ ዋጠ፤ በሰገራ ይወጣል አሉኝ።

መልስ፦ አትጠብቂ! ቧንቧው ላይ ከቆመ 2 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ያቃጥላል። አታስመልሺው፤ አሁኑኑ ለራጅ ውሰጂው።

ጥያቄ፦ የፈላ ቡናስ፣ ቁጢስ (ከቡና ቅጠል የሚፈላው መጠጥ) ይጎዳል?

መልስ፦ ችግሩ ሙቀቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ መድቦታል። ሲኒው ውስጥ ትንሽ በረድ ይበል።